የቢሮ ኪራይ፦ ካሬው ስንት ነው ከማለታችን በፊት

ሄለን፦ ቢሮ ልንከራይ ስንሄድ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «ካሬው ስንት ነው?» ነው፤ የአንድ ካሬ ሜትር ኪራይ ስንት ነው ማለታችን ነው። ዛሬ እዚች ጥያቄ ላይ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

ዳዊት፦ እኔ ብሆን «የትኛው ካሬ?» ብዬ ነው የምጀምረው። የሚያስከፍሉሽ ካሬ አለ፣ ጠረጴዛ የምታስቀምጪበት ካሬ አለ። ብዙ ሕንፃ ላይ ኮሪደሩ፣ የሊፍቱ ፊት ለፊት፣ የጋራው ሽንት ቤት ሁሉ ለተከራዮች ይካፈላል።

ሄለን፦ እስኪ በቁጥር አሳየን።

ዳዊት፦ አንደኛው ቢሮ የአንድ ካሬ ኪራይ 100 ብር ነው እንበል። የሚያስከፍሉሽ 200 ካሬ ነው፤ ገብተሽ ስትለኪው ግን 160 ብቻ ነው። ሁለተኛው የአንድ ካሬ ኪራይ 110 ብር፣ የሚያስከፍሉት 190 ካሬ፣ የምትጠቀሚበት 170 ካሬ። የመጀመሪያው 200 በ100 ሲባዛ 20,000 ብር ነው፤ ለ160 ሲካፈል በትክክል የምትጠቀሚበት አንድ ካሬ 125 ብር ይመጣል። ሁለተኛው 190 በ110፣ 20,900 ብር፤ ለ170 ሲካፈል 123 ብር ገደማ።

ሄለን፦ ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው!

ዳዊት፦ አዎ። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። መሃል ላይ ወፍራም ምሰሶ ካለ እሱንም ቀንሱ፤ ምሰሶ ላይ ማንም አይቀመጥም።

ሄለን፦ ሰርቪስ ቻርጁስ? ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ የሊፍት ጥገናው፣ አንዳንድ ውል ላይ የሕንፃው ኢንሹራንስና ግብር ሳይቀር ተከራዩ ላይ ይመጣል።

ዳዊት፦ ኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ይሄ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይመለስ። ለብቻው ከሆነ ያለፈው ዓመት ወጪ ዝርዝር ይቅረብልኝ በሉ፤ በየዓመቱ ሊጨምር የሚችልበት ጣሪያም ውሉ ላይ ይግባ።

ሄለን፦ የኪራዩ ጭማሪም አለ። «በየዓመቱ 5 በመቶ ብቻ» ሲባል ቀላል ይመስላል።

ዳዊት፦ ጭማሪው በጭማሪው ላይ ነዋ የሚመጣው። በ100 የጀመረው 5ኛው ዓመት ላይ 121.55 ይደርሳል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አይቶ በጀት የያዘ ሰው ኋላ ላይ ይጨነቃል። ሙሉውን የውል ዘመን አስሉት።

ሄለን፦ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ መግቢያና መውጫው ነው። ቁልፍ በተረከባችሁ ቀን ኪራይ መቆጠር ከጀመረ፣ ፓርቲሽን እየተሠራ፣ የኤሌክትሪክና የኔትወርክ ገመድ እየተዘረጋ ለባዶ ቤት ትከፍላላችሁ። ለሥራው ጊዜ ከኪራይ ነፃ የሆኑ ወራት ጠይቁ። አከራዮች ካሬው ላይ ባይቀንሱም ይህን የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ዳዊት፦ ስትወጡ ደግሞ «እንደነበረ መልሱ» የሚል አንቀጽ አለ። በስንት ወጪ ያሠራችሁትን ፓርቲሽን በራሳችሁ ወጪ ታፈርሳላችሁ፣ ግድግዳ ታስቀባላችሁ። ይህን ሳታደርጉ ብትወጡ አከራዩ ስትገቡ ካስያዛችሁት ገንዘብ ላይ ይቆርጣል። ስትረከቡ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሡ፤ የወለሉን ስንጥቅ፣ የጣሪያውን እድፍ ሳይቀር። እናንተም አከራዩም ፈርማችሁበት ከውሉ ጋር ይያያዝ።

ሄለን፦ ውሉ ሳያልቅ መልቀቅ ቢያስፈልግስ?

ዳዊት፦ ስንት ወር ቀድመን እናሳውቅ፣ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ለሌላ ተከራይ ማስተላለፍ ይቻላል ወይ? ሦስቱም ከመፈረማችሁ በፊት ይጠየቁ። ከፈረማችሁ በኋላ ለመደራደር አቅም የላችሁም።