ሩቢ ቻው፦ ከምግብ ቤት እስከ ምክር ቤት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሲያትል ሬስቶራንት ባለቤቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የዚህ ከተማ ሴት ነው። ወይዘሮ ሩቢ ቻው ይባላሉ። ብዙዎቻችሁ ከምትሠሩበት ከቼሪ መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ብሮድዌይና ጀፈርሰን መገናኛ ላይ ምግብ ቤት ነበራቸው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ሩቢ በ1920 እዚሁ ሲያትል ወደብ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከቻይና የመጡ ስደተኞች ናቸው። ያን ጊዜ እዚህ አገር ቻይናዊ ሆኖ መኖር ከባድ ነበር። በ1882 የወጣ ሕግ የቻይና ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ ከልክሏል። በ1886 ደግሞ በዚህችው ከተማ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ቻይናውያንን ከየቤታቸው እያስወጣ ወደ ወደቡ ነዳቸው። አብዛኞቹ ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው። ያኔም ቢሆን በዓመት የተፈቀደው 105 ሰው ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ሩቢ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱባቸው። ትምህርት አቋርጠው ሥራ ገቡ። ኒውዮርክ ሄደው በአስተናጋጅነት ሲሠሩ ከአቶ ፒንግ ቻው ጋር ተገናኙ። አቶ ፒንግ ከቻይና የመጡ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበሩ። ተጋብተው ሲያትል ተመለሱ፤ በ1948ም ምግብ ቤታቸውን ከፈቱ።

ቦታውን ልብ በሉልኝ። በሲያትል የቻይና ምግብ ቤት ያለው ቻይናታውን ውስጥ ብቻ ነበር። እነሱ ግን ከዚያ ወጥተው አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ያዙ። ከሰፈራችሁ ከወጣችሁ ትከስራላችሁ ተብለዋል። አልከሰሩም። አቶ ፒንግ ወጥ ቤቱን ያዙ፣ ወይዘሮ ሩቢ እንግዳውን። ፖለቲከኛውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ነጋዴውም እዚያ ይበላ ነበር። ከንቲባና ዳኛ ቤትህ መጥቶ ሲበላ ምን ዓይነት በር እንደሚከፈት እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። ወይዘሮ ሩቢ ያንን በር ለራሳቸው ብቻ አልተጠቀሙበትም። አዲስ መጤዎች የወረቀት ችግር ሲገጥማቸው፣ አስተርጓሚ ሲያጡ፣ ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር።

በ1959 ከሆንግኮንግ የመጣ አንድ ወጣት እዚያው ቤት ተቀመጠ። አባቱ እንደ አቶ ፒንግ የኦፔራ ሰው ነበር። ልጁ እያስተናገደ ተማረ። ብሩስ ሊ ነው። ብዙ ሰው ስለ ወይዘሮ ሩቢ የሚያውቀው ይህንን ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ትልቁ ሥራቸው ሌላ ነው።

በ1952 ለቻይናውያን ልጃገረዶች የሰልፍ ትርኢት ቡድን አቋቋሙ። ሴት ልጅ አደባባይ ወጥታ ቀና ብላ እንድትራመድ ፈለጉ። ቾንግ ዋ የሚባል የቻይናውያን መረዳጃ ማኅበር አለ። እንደ እኛ እድር በሉት። በወንዶች እጅ ነበር። ወይዘሮ ሩቢ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1973 ደግሞ ሲያትል ላለችበት ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ተወዳድረው አሸነፉ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው እስያዊ አሜሪካዊ እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ ተመርጠው እስከ 1985 አገለገሉ። እንግሊዝኛ ገና ያልለመዱ የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ድጋፍ እንዲያገኙም ታግለዋል። ሴት ልጃቸው ሼሪል በኋላ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነች። ወይዘሮ ሩቢ በ2008 በ87 ዓመታቸው አረፉ።

በ2019 ወደዚያው የካውንቲ ምክር ቤት የተመረጠው ግርማይ ዛሂላይ፣ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ነው። ስለዚህ ሩቅ ነገር አይደለም የማወራው።

እናንተ የወይዘሮ ሩቢን ሥራ ግማሹን እየሠራችሁ ነው። ትናንት የመጣ ልጅ ደብዳቤ ይዞ ካውንተራችሁ ጋ ሲቆም አይቻለሁ። ቡና ቀድታችሁለት ፎርሙን ስትሞሉለትም አይቻለሁ። የቀረው ያንን ችግር ውሳኔ የሚሰጥበት ክፍል ድረስ ይዞ መግባት ነው። የኪራይ ጭማሪውን፣ የፈቃዱን ጣጣ፣ የልጆቹን ትምህርት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የካውንቲው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሄዶ መናገር ይቻላል። መሄድ የምትፈልጉ ከእራት በኋላ ስማችሁን ስጡኝ። አስተርጓሚ ለሚፈልግ እኔ አስተረጉማለሁ፣ መኪና ለሌለውም እኔ እወስዳለሁ።

አመሰግናለሁ።