«ትቆያለሽ አይደል?»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስኒ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ቡናዬ ነው፣ ይቅርታ።

ስለ አንዲት ቃል ላወራ ነው። እሺ ስለምትባለው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነበር፣ ስሙ ይቅር። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም። ሕጉ ለዚህ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በዚህ መሀል ለሥራው አትሆኚም ከተባልሽ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ትሸኛለሽ። እና አለቃዬ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በሩ ላይ ስደርስ፣ ፈገግ ብሎ «ዛሬ ትንሽ ትቆያለሽ አይደል?» ይለኛል። እስቲ «አይደል» የምትለዋን ስሟት። ሰውየው አልተቆጣ፣ አላስፈራራ፣ ብቻ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከትቶ ነው የሰጠኝ። «እሺ ጋሼ።» ትንሽ የተባለው ማታ ሁለት ሰዓትን አለፈ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ያነበብኩት በኋላ ነው። እንደ አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ከሌለ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት አይገደድም ይላል። ቢሠራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም በአዘቦት ቀን እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። እኔ ግን ኦቨርታይም የሚባል ነገር ደመወዜ ላይ አይቼ አላውቅም፣ ማን አዘዘኝና? እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። እሱም «ልጅቷ ሥራ ትወዳለች» ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። ሌላ ነገር ማን ነግሮት?

እስከዚህ ድረስ ተበዳይ ነኝ፣ ይመቻል።

ባለፈው ደግሞ እንግዶች ሊመጡብኝ ሆነ። ቤት የምታግዘኝ ልጅ (ሠራተኛዬ ማለት ስለሚከብደኝ ነው እንዲህ የምለው) እሑድ ዕረፍቷ ነው። ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ሳሎኑን ስታቋርጥ «ዛሬ ትንሽ ትቆያለሽ አይደል?» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁን አወቅኩት። የሱ ነው፣ ፈገግታው ሳይቀር።

«እሺ እትዬ።»

ነጠላውን አወለቀችው። ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ ቀስ ብላ አጣጠፈችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ወደ ኩሽና ገባች።

ያ አዋጅ እሷን አይመለከትም። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ ወደ ጎን ትቷታል። አራት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር ለእሷ የለም። ደግሞ የምታድረው እኔው ቤት ነው። እኔ ያኔ ብባረር ብባረር የእናቴ ቤት ነበረኝ፣ እሷ እምቢ ብላኝ ብንጣላ ማታ የት ትገባለች?

ስትቀጠር እኮ «ያልተመቸሽን ነገር እምቢ በይኝ» ብያት ነበር። ለሱም እሺ ነው ያለችኝ።

አሁን «አይደል»ን ትቻለሁ። ቅዳሜ ማታ «ነገ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» እላታለሁ። የመጀመሪያ ቀን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እርስዎ እንዳሉ።»