በትዝታ መሐል «ጧ»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ድምጽ ብቻ ነው። ቲዩብ (ድምጽ የሚያጎላ፣ አምፑል የሚመስል የመስታወት ዕቃ) ያለው የጊታር አምፕሊፋየር ላይ አንዷን ማብሪያ ስትነኩ ከድምጽ ማጉያው «ጧ» ብሎ ስለሚወጣው ድምጽ። ጊታር የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ የማትጫወቱ ደግሞ ጥቂት ታገሡኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ። ችክችካ ስንጫወት ይህ ድምጽ መኖሩም አይታወቅም፤ ከበሮውና ጭብጨባው ይውጠዋል። ጭንቁ ትዝታ ላይ ነው። ትዝታ ባዶ ቦታ የሚፈልግ ዜማ ነው። ድምጻዊዋ አንድ ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ ጊታሩ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል አድርጎ ዝም ይላል። እኔም በዚያች ክፍተት የጊታሬን ድምጽ ላወፍር ብዬ ማብሪያዋን ሳነሣ «ጧ»! ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቆ የወደቀ እየመሰላቸው ወለሉን ይመለከታሉ።

እውነቱን ለመናገር ከድምጹ ይልቅ የከፋው ፍርሃቱ ነበር። ሳላውቀው አጨዋወቴ ተለወጠ። ማብሪያዋን ላለመንካት ስል ምሽቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት ድምጽ መጫወት ጀመርኩ። መንካት ግድ ሲሆንብኝ ደግሞ «ጧ» የሚለውን ለመሸፈን ክፍተቱን በኖታ እሞላው ነበር። የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች አንድ ቀን «ምነው፣ ትዝታ ላይ ወሬ አበዛህ?» አለኝ። ልክ ነበር። ዝምታ የት እንደሚገባ የሚወስንልኝ ያ ማሽን ሆኖ ነበር።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወነጅለው ማብሪያዋን ነው። «አርጅታለች፣ ለውጣት» ይላል። ማብሪያዋ ተለውጣም ካልተሻለው ተረኞቹ ቲዩቦቹ ናቸው። ቲዩብ ደግሞ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ይህ ሳያዳምጡ መለወጥ የሚባለው ልማድ በጣም ያናድደኛል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ማብሪያዋ ስትዘጋ፣ ማለትም መሥመሩን ስትቀጥል፣ በሚገናኙት ሁለት ነጥቦች መካከል ባለው የቮልቴጅ ልዩነት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየር ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ቻርጅ የሚያከማቹ ዕቃዎች አሉ። ቀጥተኛውን የኤሌክትሪክ ጅረት ያግዳሉ፤ የሚለዋወጠውን ያሳልፋሉ። የጊታር ድምጽ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ስለሆነ ነው። ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይም ለውጥ ነውና አብሮ ያልፋል፣ እንደ ሙዚቃውም ይጎላል። ሁለት ጀሪካኖችን ከሥር በቱቦ አገናኝታችሁ መሐል ላይ ቧንቧ ግጠሙ እንበል። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ከሆነ ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ይንደረደራል። እኩል ከሞሉ ግን ብትከፍቱት ብትዘጉት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። «ጧ» የሚለው ያ መንደርደር ነው።

የእኔ አምፕሊፋየር ላይ ያለችው ማብሪያ በመጀመሪያው ቲዩብ ካቶድ (ኤሌክትሮን በሚለቀው ክፍሉ) ላይ ያለውን ካፓሲተር ከመሬት፣ ማለትም ከአምፕሊፋየሩ የዜሮ ቮልት ነጥብ፣ ጋር የምታገናኝ ናት። ቲዩቡ በጊታር አምፕሊፋየሮች ዘንድ በጣም የተለመደው 12ኤኤክስ7 ነው። ካቶዱ ላይ 1.5 ቮልት ገደማ ይገኛል። ማብሪያዋ ክፍት ሳለች (መሥመሩ ሲቋረጥ) የካፓሲተሩ አንድ ጫፍ የትም አልታሰረም፤ ስለዚህ ያከማቸው ቀስ በቀስ ይፈስስና ባዶ ይሆናል። ማብሪያዋ ስትዘጋ ይህ ባዶ ካፓሲተር ካቶዱን ለቅጽበት ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። 1.5 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከጊታር የሚመጣው ሲግናል ብዙ ጊዜ የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ማብሪያዋን ስነካ ከጊታሬ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ምት ወደ አምፕሊፋየሩ እየላክሁ ነበር ማለት ነው።

ይህንን ያወቅሁት በማዳመጥ ነው። ቤት ውስጥ፣ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ጊታሩን ነቅዬ ማብሪያዋን ተጫንኋት፤ ጧ። ወዲያው አጥፍቼ መልሼ ስጫናት ድምጿ የለም ለማለት ይቻላል። እንደገናም እንዲያው። ቡና አፍልቼ፣ ጠጥቼ ተመልሼ ስጫናት ደግሞ ጧ! ያረጀ ማብሪያ እንዲህ ሰዓት አይጠብቅም። ሰዓት የሚጠብቀው ቀስ እያለ የሚፈስስ ካፓሲተር ነው።

መድኃኒቱ የሳንቲም ዕቃ ነው። ከማብሪያዋ አንዱ እግር ወደ ሌላው ከ100 ኪሎ ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም የሚሆን ሬዚስተር (የጅረትን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይበየዳል። ማብሪያዋ ክፍት ብትሆንም በዚያ ሬዚስተር በኩል ጥቂት ጅረት እያለፈ ካፓሲተሩን እንደሞላ ያቆየዋል። የሬዚስተሩ መጠን ትልቅ ስለሆነ በድምጹ ላይ የሚሰማ ለውጥ አያመጣም። የእኔ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ አምፕሊፋየሩ በበራ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ብቸኩል አሁንም ትንሽ ጧ ይላል፤ ካፓሲተሩ ገና አልሞላማ። ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

የእግር ፔዳሎችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። መጀመሪያ ሲረገጡ ብቻ የሚጮኹ ከሆነ ከመግቢያቸው ወይም ከመውጫቸው ወደ መሬት 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር ይጎድላቸዋል።

በእያንዳንዱ ንክኪ፣ ሳይቀንስ የሚጮኽ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው ድምጽ የሚያሻግረው ካፓሲተር በአንድ ወገኑ 200 ቮልት ገደማ ተሸክሞ ይቆማል። እያረጀ ሲሄድ ከዚያ ጥቂቱን ያሾልካል፤ የቮልቴጅ ልዩነቱም ሁልጊዜ እንዳለ ይቆያል። የድምጽ መቆጣጠሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ የማጽጃ ፈሳሽ ይነፋበታል፤ ለሳምንት ያህል የተሻለ ይመስለዋል፤ ከዚያ ያው ነው። ለዚህ መፍትሔው ካፓሲተሩን መለወጥ ነው።

የቻናል መቀያየሪያ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩን ከአንድ ዓይነት ድምጽ ወደ ሌላ የሚያሻግረው፣ ታሪክ ለብቻው ያስቃል። የካሊፎርኒያው አምፕሊፋየር ሠሪ ሜሳ ቡጊ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ማርክ 2 በእግር ቻናል የሚቀየርበት አምፕሊፋየር ነበር። ቻናሉን የሚቀይረው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ) ነበርና ጧ ይል ነበር። በኋላ ማርክ 2ሲ ላይ ሪሌውን ትተው በብርሃን የሚሠራ ሬዚስተር ተጠቀሙ። ትንሽ መብራት ሲበራበት መጠኑ የሚወርድ፣ ሲጠፋበት የሚወጣ ሬዚስተር ነው። ብልሃቱ ቀርፋፋነቱ ላይ ነው፤ ለውጡ በቅጽበት ሳይሆን በጥቂት ሚሊሰከንዶች ስለሚሆን ዝላዩ ይለዝባል። ፈጣን መሆን ጥሩ በሚመስልበት ቦታ ቀርፋፋ ዕቃ መርጦ ማስገባት፣ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!

የእኔው የቻናል መቀያየሪያም ባለ ሪሌ ነው፣ ትንሽም ጧ ይላል። እሱን ለማስተካከል ሰሌዳው በሙሉ መውጣት አለበት። ትቼዋለሁ።

ስታንድባይ የሚባለውን፣ አምፕሊፋየሩን ሳያጠፋ የሚያሳርፈውን ማብሪያ በጨዋታ መሐል ባትነኩ ይሻላል። እዚያ ላይ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ከ400 ቮልት በላይ ነው፤ ቢጮኽ አይፈረድበትም። ለእረፍት ስትወጡ የጊታሩን ድምጽ ዜሮ አድርጉት፤ ይበቃል።

ስለ 400 ቮልት ካነሣን፣ አምፕሊፋየሩን በራሳችሁ እጅ እንዳትከፍቱ። ከግድግዳው ተነቅሎም ቢሆን ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሰው የሚገድል ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ በሬዚስተር ያራግፋቸዋል፣ በመልቲሜትር ለክቶም ያረጋግጣል። እኔም ሬዚስተሯን ያስበየድኋት በባለሙያ ነው።

ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ግን «ይጮኻል» ብቻ አትበሉት። የትኛዋ ማብሪያ እንደሆነች ንገሩት። መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? የአምፕሊፋየሩ ድምጽ መቆጣጠሪያ ዜሮ ላይ ሆኖም ይሰማል? ከተሰማ መነሻው ከድምጽ መቆጣጠሪያው በኋላ ነው፣ ካልተሰማ ከእሱ በፊት። ይህን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሽፋኑን ሳይከፍት የት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ የጥገና ሒሳቡም በዚያው ልክ ይቀንሳል።