የአረቄ መኪናና የዘገየው ዋንጫ

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ጉንፋን ስለያዘኝ ድምፄን ቻሉት።

ሰሞኑን ከናስካር ጋር ነው የከረምኩት። አዎ፣ እሱ የአሜሪካኖቹ የመኪና ውድድር፣ መኪኖች ሲዞሩ የሚውሉበት፣ እኔም ምኑ ያዝናናል ስል ነበር። ግን የድሮው ሌላ ነው፣ አብዛኛው አፈር ላይ ነው የሚሮጠው፣ አቧራው ራሱ ፊትህ ያለውን መኪና ያስጠፋሃል።

ከሹፌሮቹ ደግሞ ብዙዎቹ አረቄ አመላላሽ ነበሩ፣ የምር፣ ተራራ ላይ ተደብቆ የወጣ አረቄ ሌሊት በፎርድ ጭነው ከፖሊስ ሲያመልጡ ነው መንዳት የተማሩት። መኪና ሲጫን ከኋላ ዝቅ ይላል አይደል፣ ፖሊስም በሱ ነው የሚነቃው፣ ስለዚህ ባሌስትራውን ያጠነክሩታል። እኛ ሰፈር ጋራዥ አይሱዙዎች ባሌስትራ ሊያስጨምሩ ሲሰለፉ አይቼ ስላደግኩ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

እና ጁን 19፣ 1949 ቻርሎት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ መኪና ብቻ የተባለው የመጀመሪያው የናስካር ውድድር፣ 200 ዙር። ሊ ፔቲ የሚባለው የሰው ቢዩክ ተውሶ መጥቶ ገለበጠው፣ ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደነገረው አስቡት! ግሌን ደናዌይ አንደኛ ገባ፣ ከዛ መኪናው ሲፈተሽ ባሌስትራው የአረቄ ባሌስትራ ሆኖ ተገኘ። ተሰረዘ። ድሉ ከካንሳስ ለመጣው ጂም ሮፐር ሆነ፣ ደናዌይ የነዳው መኪና ባለቤት 10,000 ዶላር ብሎ ናስካርን ከሰሰ፣ ዳኛው አልሰማውም። እሺ ይሁን፣ ህግ ህግ ነው።

ግን ዌንደል ስኮትን ስሙ። ጥቁር ነው፣ የዳንቪል ቨርጂኒያ ልጅ፣ ታክሲ የነዳ፣ እሱም አረቄ ያመላለሰ፣ መኪናውን ራሱ ነው የሚጠግነው። ዲሴምበር 1፣ 1963 ጃክሰንቪል ፍሎሪዳ አፈር ላይ የዛን የሊ ፔቲን ልጅ ሪቻርድ ፔቲን አልፎ ሁለት ዙር ሙሉ ቀድሞ ጨረሰ፣ ባንዲራ ግን አልተውለበለበለትም፣ አሸናፊው ነጩ ሹፌር ባክ ቤከር ነው ተባለና ዋንጫውን እሱ ይዞ ሄደ። ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ፣ የቆጠራ ስህተት ነው አሉ። እስኪ አስቡት፣ መኪና ስር ገብቶ ባሌስትራ የሚመረምር ድርጅት ሁለት ዙር መቁጠር አቃተው? ስኮት ራሱ የሚያምነው፣ ጥቁር አሸንፎ ዋንጫ የምትሰጠውን ነጭ ቆንጆ ሲስም እንዳይታይ ፈርተው ነው ብሎ ነው፣ እኔም ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ብሩን፣ 1,000 ዶላሯን፣ ሰጡት። ሰውየው 1990 ሞተ። ናስካር ዋንጫውን ለልጆቹ የሰጠው 2021 ላይ ነው፣ ያውም ሌላ ተሠርቶ።