የጨጓራ ዕጢን በትንሽ ቀዳዳ ማውጣት፦ በጎንደር ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ከአዘዞም፣ ከማክሰኚትም፣ ከዳባትም የመጣችሁ አላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። አንድን አባት ቁጭ አድርጌ «ጨጓራዎ ላይ ዕጢ አለ፣ መውጣት አለበት» ስላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ቢላ ከነካው አይሰራጭም ወይ?» ብለው ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይተው ይመጣሉ። «ሆዳቸው ሳይከፈት በትንሽ ቀዳዳ አይሆንም?» ይሉኛል። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ናቸው። ዛሬ የመጣሁትም እነሱን ለመመለስ ነው።

ላፓሮስኮፒ የምንለው እንዲህ ነው። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል። ሆድ ላይ አራት አምስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይገባና ሆድን እንደ ድንኳን ከፍ ያደርገዋል። በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። የተቆረጠው ሲወጣ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ሰፋ ይደረጋል። ውስጥ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ግን ሆድ ተከፍቶ ከሚሠራው አያንስም። መድማት አለ። የተሰፋው ጨጓራ ሊያፈስ ይችላል። «ቀላል ናት» ብሎ የሚያጣጥላት ካለ አትስሙት።

ጨጓራ ላይ የሚወጣ ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም። ጂስት የሚባል አለ። የሚነሳው ከጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ነው። የተለመደው የጨጓራ ካንሰር ግን ከውስጠኛው ሽፋን ይነሳል። ጂስት ወደ ንፍፊቶች መሄድ አያዘወትርም። ስለዚህ ዕጢውን ከዳሩ ትንሽ ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አብዛኛው ጨጓራ ይተርፋል። ለላፓሮስኮፒም የሚመች ነው።

አደጋው መፈንዳቱ ነው። በመሣሪያ ከተጨመቀ ሽፋኑ ይቀደድና ሆድ ውስጥ ይበተናል። ያን ጊዜ የማገርሸት ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ዕጢውን ራሱን አንይዘውም። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ጨጓራ ነው የምንይዘው። ከተቆረጠ በኋላም ሆድ ውስጥ እንዳለ ከረጢት ውስጥ እናስገባውና እናወጣዋለን። የአባቶቻችን ፍርሃት እውነት የሚሆነው እዚህች ላይ ብቻ ነው። ቢላውም፣ ሆድ ሲከፈት የሚነካው አየርም አያሰራጨውም። ሳይነካ የተተወ ካንሰር ግን በራሱ ጊዜ ይሰራጫል፤ ይህን በየሳምንቱ እያየሁ አዝናለሁ።

ድሮ ባለሙያዎቹ በትንሽ ቀዳዳ የሚወጣው ጂስት ከ2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ ይሉ ነበር። ዛሬ ቦታው ከተመቸና እጁ ከተካነ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ወይም ከምግብ ቧንቧው መግቢያ ከተጠጋ፣ ሆድ መክፈት ይሻላል። አንዳንዴም አስቀድሞ ኢማቲኒብ የሚባል ኪኒን ተሰጥቶ ዕጢው እስኪያንስ ይጠበቃል።

ወደ ተለመደው የጨጓራ ካንሰር ልምጣ። በደቡብ ኮሪያ ሕመማቸው ገና የመጀመሪያ ደረጃ ላይ የነበረ 1,416 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ በላፓሮስኮፒ፣ ገሚሱ ሆድ ተከፍቶ ተሠራላቸው። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በላፓሮስኮፒው 94.2 ከመቶ፣ በሌላው 93.3 ከመቶ ናቸው። እኩል ነው ማለት ይቻላል። የቁስል ችግር የገጠማቸው ግን በላፓሮስኮፒው 3.1 ከመቶ ሲሆኑ በክፍቱ 7.7 ከመቶ ነበሩ። ቻይና ውስጥም ሕመሙ ገፋ ባለባቸው ከ1,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ከ3 ዓመት በኋላ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል። ሆላንድ ውስጥ ሁለቱ መንገዶች ሲወዳደሩ ግን በላፓሮስኮፒ የተሠራላቸው የሆስፒታል ቆይታ አላጠረም። ስለዚህ «በሁለት ቀን ቤትዎ ይገባሉ» ብዬ ቃል አልገባም።

እነዚህ ቁጥሮች ደስ ይላሉ። ግን ከማን እጅ እንደወጡ እንይ። በኮሪያው ጥናት አንድ ሐኪም ለመግባት ይህንኑ የጨጓራ ኦፕራሲዮን በሁለቱም መንገድ ቢያንስ 50 ጊዜ የሠራ መሆን ነበረበት። የሐሞት ጠጠር በላፓሮስኮፒ ማውጣትና ጨጓራ መቁረጥ አንድ ሙያ አይደለም። በዚያ ላይ ኮሪያ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በየሁለት ዓመቱ ለጨጓራ ምርመራ ይጠራል። ዕጢው ትንሽ ሳለ ይገኛል። እኛ ጋ ሰው ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ከፋርማሲ እየገዛ ወራት ይቆያል። ክብደት ሲቀንስ፣ ምግብ ሲመልሰው፣ ሰገራው ሲጠቁር ነው የሚመጣው። ያኔ በየትኛውም ቀዳዳ ብንገባ ትርፉ ያንሳል።

ስለዚህ ሐኪማችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። ዕጢው ምን ዓይነት ነው? ወዴት ደርሷል? ይህን ኦፕራሲዮን ምን ያህል ሠርተዋል? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ይሠራል? ጥያቄው ነውር የለውም፤ እኔም ቤተሰቤን ባስታምም እጠይቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰብ ይወቅልኝ። ሐኪሙ መሐል ላይ «ሆድ መክፈት አለብኝ» ቢል ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም። ደም ካስቸገረው ወይም ዕጢው ሊፈነዳ ከመሰለው መክፈቱ ለታካሚው ይበጃል። ፈቃዳችሁን ስትፈርሙ ይህንንም አብራችሁ ፍቀዱ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ የሆድ ሕመሙ ከባሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ። የቆዳው ቁስል ስለደረቀ አትዘናጉ። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን። ጾም ሲመጣ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ የቫይታሚን ቢ 12 መርፌ ዕድሜ ልኩን ያስፈልገዋል።

የኢንዶስኮፒ ወይም የሲቲ ስካን ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አትሂዱ። እዚሁ ነኝ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን። አመሰግናለሁ።