ሞሉ ለምን ባዶ ቀረ?

(ምስል፦ የተዘጉ ሱቆች። ቆሞ የቀረ ተንቀሳቃሽ ደረጃ።)

አንድ ሞል ሲዘጋ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔቱ እጁ አለበት። ግን ብዙ ሞሎች የታመሙት ሰው በስልኩ ዕቃ ማዘዝ ከመልመዱ በፊት ነው። በተለይ መካከለኛ ከተሞች ውስጥ።

ጣሪያ ለብሶ ዙሪያውን የተዘጋውን ሞል የነደፈው ቪክቶር ግሩን ነው። የቪየና ልጅ ነው፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የእሱ ሳውዝዴል እ.ኤ.አ. በ1956 በሚኒሶታ ግዛት ተከፈተ። ግሩን በዙሪያው መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲኖር አስቦ ነበር። ያ ዕቅድ እንዳሰበው አልተሠራም። የእሱን ንድፍ የቀዱት ደግሞ ሱቁንና ሰፊውን የመኪና ማቆሚያ ብቻ ወሰዱ።

(ምስል፦ የሞል ፕላን፤ ዳርና ዳር ሁለት ትልልቅ ሱቆች።)

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሰው የሚመጣው ዳርና ዳር ላሉት ትልልቅ ሱቆች ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ መሀል ባሉት ትንንሾች በኩል ያልፋል። ጫማ ያያል፣ መነጽር ይሞክራል። ስለዚህ ትልቁ ሱቅ በካሬ የሚከፍለው ኪራይ በጣም ትንሽ ነው። አንዳንዴም ሕንፃው የራሱ ነው። የኪራዩን ሸክም የሚሸከሙት ትንንሾቹ ናቸው።

ትልቁ ሲወጣስ? ጉዱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ብዙ የኪራይ ውሎች ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፦ ትልቁ ሱቅ ከተዘጋ ትንሹ ተከራይ ኪራይ ያስቀንሳል፤ ቦታው ካልተተካ ደግሞ ውሉን አፍርሶ መውጣት ይችላል። ገበያው ይቀዘቅዛል። የባለቤቱ ገቢ ይወርዳል፣ ጥገና ይቀራል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ያኔ ቆይቼ ልየው ያለውም ሱቅ ዕቃውን ይጭናል።

ትልቅ ከተማ የወጣውን የሚተካ ሌላ ተከራይ አያጣም። መካከለኛ ከተማ ግን የሚችለው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ሞል ነው። ሦስተኛው አዲስ ገዢ ይዞ አይመጣም፤ የአሮጌውን ነው የሚወስደው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ይጨበጨባል፤ ማዶ ያለው ሞል ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

በኦሃዮ ግዛት የምትገኘውን አክረንን እንይ። የጎማ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1970 ነዋሪዋ 275 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 190 ሺህ ወርዷል። ሮሊንግ ኤከርስ የተባለው ሞሏ እ.ኤ.አ. በ1975 ተከፍቶ በ2008 ተዘጋ። የጣሪያው መስታወት ተሰባብሮ በረዶ ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር። በኋላ ፈረሰ፣ ቦታው ላይ በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጠው የአማዞን መጋዘን ተሠራ። ኢንተርኔቱ እዚያ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው።

(ምስል፦ ተማሪዎች በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወጡ።)

ሁሉም ግን እንዲህ አያልቅም። በቬርሞንት ግዛት፣ በርሊንግተን ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕንፃ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ተገኘና ተዘጋ። ተማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ሜሲስ ወደተባለ፣ ወደ ተዘጋ ትልቅ ሱቅ ገቡ። ክፍላቸው የሚሄዱት በሱቁ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነበር። ሳውዝዴልም እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ላይ አፓርታማና ሆቴል ተሠርቶበታል።

ለውጡ ቀላል አይደለም። የትልልቅ ሱቆች ሕንፃ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ የሚብሰው ግን ባለቤትነቱ ነው። አንዱ ሞል ሦስት አራት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ እንቢ ካለ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ከተማው ባለቤቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያለበት ትልቁ ሱቅ ገና ሳይወጣ፣ ኪራይም እየገባ ሳለ ነው።