ግብር የሚደርስበት ጭስና የማይደርስበት ጭስ

[ምስል፦ ቃሊቲ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ሲጓዙ።]

ተራኪ፦ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው የተፋውን አያችሁ? መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብሰው ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። የራሷ ከሰል እንኳን እንዲህ አላስቸገራትም።

ይህ ጥቁር ነገር ጥቀርሻ ነው፤ በደንብ ያልነደደ ናፍጣ። እሱም ምድርን ማሞቁ አልቀረም፤ ዋናው የሙቀት አማቂ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ሁለቱ ለሕግ የሚያስቸግሩት በተለያየ መንገድ ነው።

[ምስል፦ አንድ ሊትር ናፍጣ በሃይላንድ፣ ሚዛን ላይ።]

አንድ ሊትር ናፍጣ ቢመዘን 850 ግራም ገደማ ነው። ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ትርፉ ከየት መጣ? ከአየሩ ነው፤ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይዞ ይወጣል። መኪናው አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ሾፌሩ ጨዋም ይሁን ጋላቢ፣ የአንዱ ሊትር ሂሳብ ያው ነው። ስለዚህ ግብር ሰብሳቢ በየጭስ ማውጫው ሥር መቆም አያስፈልገውም፤ ነዳጁ አገር ሲገባ ሊትሩን ከቆጠረ ጋዙንም ቆጠረ ማለት ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1991 የካርቦን ግብርን በቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 250 ክሮኖር (የአገሯ ገንዘብ) ብላ የጀመረችው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬ ከ1,200 ክሮኖር በላይ አድርሳዋለች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የካርቦን ግብር ጀመረች።

እኛ ለዓመታት የሄድነው በተቃራኒው ነበር። ነዳጅን መደጎም ማለት የካርቦን ግብርን ገልብጦ መክፈል ነው፤ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው። ግብሩን ያሳረፍነው በመኪናው ላይ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ትንሽ ሞተር ላለው አዲስ አውቶሞቢል 5 በመቶ ሲል፣ ብዙ ዓመት ያገለገለውን እስከ 500 በመቶ ድረስ ጫነበት። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተወሰነ።

[ምስል፦ የጋራዥ ግቢ። እጁ ዘይት የነካው መካኒክ የናፍጣ ፖምፓ ሲፈታ።]

ይህ ሁሉ የሚሠራው በር ላይ ነው። ቀድሞ የገባውስ? አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ይከበራል፤ ሊጣል የደረሰ መኪና አንድ ተጨማሪ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ አንድ ዓመት እንዲያገለግል ይደረጋል። እዚህ ላይ ግብሩ አቅም ያጣል፤ ጥቀርሻው እንደ ሞተሩ ይዞታ ስለሚለያይ እንደ ጋዙ በሊትር አይቆጠርም። የሚቀረው ቁጥጥር ነው፤ ቁጥጥሩ ደግሞ በዓመት አንዴ፣ በቦሎ ሰሞን ይመጣል። ነዳጁን የሚመጥነውን ፖምፓ ለምርመራው ቀን ብቻ አስተካክሎ በማግስቱ ወደ ቀድሞው መመለስ እንደሚቻል ማንኛውም መካኒክ ያውቃል።

ቅጣቱን እናክብደው የሚሉ አሉ። ሂሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። ቅጣቱ 5,000 ብር፣ የመያዝ ዕድሉ ከ50 አንድ ቢሆን፣ ባለንብረቱ ራስ ውስጥ ቅጣቱ 100 ብር ነው። ጥገናው 30,000 ብር ከጠየቀ ማን ያስጠግናል? ቅጣቱን አሥር እጥፍ ብናደርገው እንኳን 1,000 ብር ቢሆን ነው፤ መንገድ ላይ ለመደራደር የሚዘረጋው እጅ ግን አብሮ ይረዝማል። እኔ የመያዝ ዕድሉን ማሳደግ ይሻላል ባይ ነኝ።

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ የክፍያ ጣቢያ።]

በዚህ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ውስጥ የሚገባ መኪና እዚህ ይቆማል። ዋጋው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ግን የሚያስጨሰውና የማያስጨሰው እኩል ይከፍላሉ። መኪናው ቆሞ ነዳጅ እስከ ጥግ ሲረገጥ የጭሱን ጥቁረት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ከየስንት መኪናው አንዱን ገለል አድርጎ መለካት፣ ያላለፈውን በ15 ቀን ውስጥ አስጠግኖ እንዲመለስ ማዘዝ፣ ቅጣቱን ሳይመለስ ለቀረው ማቆየት ይቻላል። ሰሌዳው ከተመዘገበ ደግሞ ቦሎ ሲመጣ መሸሸጊያ የለውም።